በዕድሜ የገፋ ሠልጣኝና የማሳመን ንግግር

ሥራ ቆይተው፣ ልጅ ወልደው ወደ ማሠልጠኛ የሚገቡ ዕጩ መምህራን በክርክር ሰዓት የኋላ ወንበር ይመርጣሉ። «ይኼ የልጆች ነገር ነው» ይላሉ። እንዴት ተደርጎ! በዕድር ስብሰባ መዋጮ ያስጨመረ፣ በሽምግልና ባልና ሚስት ያስታረቀ ሰው ማሳመን አያውቅም ሊባል ነው?

በቀድሞው የሙግት ሥርዓት፣ በበልሃ ልበልሃ፣ ተሟጋቹ በአደባባይ ቆሞ ወረቀት ሳይዝ ይከራከር ነበር። ጉልበቱ በጩኸት ብቻ አልነበረም፤ በተጠየቅ ባላጋራውን አንዲት የማይክዳት ነገር ያሳምነውና ከዚያች ተነስቶ ወደ ፍሬ ነገሩ ይስበዋል።

ይህ ዘዴ ለመምህር ዛሬም ይሠራል። አንድ አባት በአጨዳ ወቅት ልጃቸውን ከትምህርት ሊያስቀሩ አሰቡ እንበል። «ትምህርት ብርሃን ነው» ብትሏቸው ራሳቸውን ነቅንቀው ይሄዳሉ፤ እሱንማ ያውቁታል። ይልቅ «የማዳበሪያውን ደረሰኝ ማን አነበበልዎ?» ብላችሁ ጀምሩ። «ልጄ ናታ!» ይላሉ። ከገዛ አፋቸው የወጣውን አይክዱም። ቀጥሎ የምትጠይቁት ነገር ቁርጥ ያለ ይሁን፦ ጠዋት ትማር፣ ከሰዓት ታግዝ።

የትልቅ ሰው ችግር ሌላ ነው፤ ነገር ከሥሩ ካልጀመረ አይሆንለትም። አድማጭ ደግሞ እስከዚያ አይጠብቅም። ንግግሩን በቃል መሸምደድም አያዋጣም፤ አንድ ቃል የጠፋ እንደሆነ ሁሉም ተከትሎ ይጠፋል። በብጣሽ ወረቀት 3 ቃላት ብቻ ጽፎ ለ3 ደቂቃ መናገርን መለማመድ ይሻላል። ጓደኛ ሰዓት ይያዝ፤ ፍሬ ነገሩ በመጀመሪያው ደቂቃ ካልወጣ እጁን ያንሳ፤ ተናጋሪውም ያቁምና እንደገና ይጀምር።