እውነት ለብሶ ስለሚመጣ ሐሰት

ሐሰት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የሌለውን አለ፣ ያለውንም የለም ማለት ነው፤ ይህን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ሁለተኛው ግን እውነተኛውን ቃል ሰውን ለማሳሳት መናገር ነው። የመጀመሪያው ኅሊናን ቶሎ ይወቅሳል፤ ሁለተኛው «ምን ዋሸሁ?» እያሰኘ ኅሊናን ያስተኛል። ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ጥቂት ልንናገር ወደድን።

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 20 እንደ ተጻፈው፣ አባታችን አብርሃም በጌራራ በእንግድነት ሳለ ስለ ሣራ እኅቴ ናት አለ። በአባቱ በኩል እኅቱ ነበረችና ቃሉ እውነት ነበረ። ነገር ግን የተነገረው ሚስቱ መሆኗን ለመሸሸግ ነበር። ንጉሡ አቢሜሌክም ነገሩን ባወቀ ጊዜ ወቀሰው። መጽሐፍ ቅዱስ ይህን ወቀሳ ሳይሸሽግ የጻፈልን፣ የቃል እውነተኛነት ብቻ እንደማይበቃ እንድንማር ነው።

የዚህ ሐሰት ሥሩ እውነትን በጥቅም ሚዛን መመዘን ነው። ለዚህም በሐረር የሆነውን እንመልከት። ሪቻርድ በርተን የተባለ እንግሊዛዊ መኮንን የሙስሊም ነጋዴ መስሎ ከዘይላ ተነሣና በታኅሣሥ 1847 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጥር 3 ቀን 1855) ሐረር ገባ። ወደ ከተማዪቱ በቀረበ ጊዜ ግን እንግሊዛዊነቱን ሊገልጥ ቈረጠ። ይህን ያደረገው የአገሩ ሰዎች በአደጋ ስፍራ ትውልዱን የሚሸሽገውን ሰው ስለሚንቁ፣ ደግሞም በመልኩ ንጣት ምክንያት ይበልጥ የተጠላ ቱርክ ነው ብለው ስለ ጠረጠሩት ነበር። ወዲያውም በዓደን የእንግሊዝ መንግሥት ወኪል ለሐረር አሚር የጻፈው የሚመስል ደብዳቤ በገዛ እጁ ጻፈ። እንግዲህ አንዱን ሐሰት ሲጥል ሌላውን አነሣ። እውነቱን የመረጠው ስለ ወደዳት ሳይሆን ስለ ጠቀመችው ነበርና፣ ጥቅሙ ሐሰትን በጠየቀ ጊዜ ሐሰትን ለመጨመር አልከበደውም።

«10 ቀን ቈይቶ በደኅና ወጥቶ የለምን? ምን ጐዳው?» የሚል ይኖር ይሆናል። ክርስቲያን ግን ሥራውን የሚመዝነው በማምለጡ አይደለም። ደግሞም እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው፣ ደብዳቤው ሐሰት መሆኑን ዓለም ያወቀው እርሱ ራሱ በ1856 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ካሳተመው መጽሐፍ ነው።

እኛስ? ከሌላ አገር ቡና ጋር የሐረርን ቡና ቀላቅሎ «የሐረር ቡና ነው» እያለ የሚሸጥ ነጋዴ፣ በከረጢቱ የሐረር ቡና ስላለ አልዋሸሁም ይላልን? ያየውን ተናግሮ ዘመዱን የሚጐዳውን ያስቀረ ምስክር፣ መሐላውን ጠበቀን? ምሥጢርን መጠበቅ፣ ሳይጠየቁም ዝም ማለት ሐሰት አይደለም። የሚያምነንን ሰው በቃላችን ወደ ስሕተት መምራት ግን ሐሰት ነው።

ስለዚህ፣ ምእመናን ሆይ፣ ከመናገራችን በፊት «ቃሌ እውነት ነውን?» ብለን ብቻ አንጠይቅ፤ «ይህን የሚሰማኝ ሰው ምን ብሎ ያምናል?» ብለን ደግሞ እንጠይቅ። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 አዎን ማለታችን አዎን፣ አይደለም ማለታችንም አይደለም እንዲሆን ያዘዘን፣ ሰሚው በቃላችን ላይ ተማምኖ እንዲያርፍ ነው። ለዚህም የእግዚአብሔር ቸርነት ይርዳን፤ አሜን።