ገላፊ ላይ ቼስ ለምታስተምር ልጄ

ልጄ፣ የድንበር ከተማዋን የገላፊን ልጆች ለቼስ ውድድር ለማብቃት አስበሃል አሉኝ። ጎሽ! ግን መጫወት ማወቅና መወዳደር ለየቅል ናቸው። የምመክርህ ስለ ሁለተኛው ነው።

1. ዕቃ እስኪመጣ አትጠብቅ። ካርቶን ላይ 64 ቤት አስምር። የጉምሩክ ወረፋ የሚጠብቁ ሾፌሮች ጥላ ሥር በቆርኪ ዳማ ሲጫወቱ ልጆቹ ሳያዩ አይቀሩም፤ አንተም ቆርኪው ላይ ንጉሥና ፈረስ ሣልበት። የጠጠሮቹን ስም በአፋርኛ ቢጠሩ አትከልክላቸው። ጥቂት ገንዘብ ካገኘህ ከሁሉ በፊት የቼስ ሰዓት ግዛ። ልምምዱ ፀሐይ ሳትበረታ በማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ይሁን፤ በዚያ ሙቀት እኩለ ቀን ላይ ማንም አያስብም።

2. ዝምታን አስቀድም። በአገራችን ጨዋታ ተመልካቹም ተጫዋች ነው። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ከ200 ዓመት በፊት የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ የአገራችንን ቼስ፣ ሰንጠረዥን፣ ሲጫወቱ አይቶ፣ ዙሪያውን ያለው ሰው ጮክ ብሎ ይመክር እንደነበር ጽፏል። ሰንጠረዥ የሚጀመረውም በ«ወረራ» ነው፤ አንድ ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ጦራቸውን ያሰልፋሉ። እኔ በበኩሌ ይህን ሞቅታ እወደዋለሁ። በውድድር አዳራሽ ግን ከውጭ ምክር የተቀበለ ይቀጣል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚያይ ልጅ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ይቁም። ተጫዋቹ የነካውን ጠጠር ያንቀሳቅስ፤ ባንቀሳቀሰበት እጅም ሰዓቱን ይጫን። በመደበኛ ውድድር ሕግ የጣሰ እርምጃ መጀመሪያ ለተጋጣሚው ሁለት ደቂቃ ያስጨምራል፤ ሲደገም ልጅህ ይሸነፋል። ጎበዝ ልጅ የመጀመሪያ ውድድሩን የሚያጣው ብዙውን ጊዜ ቼስ ስላላወቀ ሳይሆን ይህን ሥርዓት ስላልለመደ ነው።

3. ከመጨረሻው ጀምር። እ.ኤ.አ. ከ1921 እስከ 1927 የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ኩባዊው ካፓብላንካ ትምህርቱ ከጨዋታው ማብቂያ እንዲጀመር ይመክር ነበር፤ ልክ ነው። ልጆቹ በንጉሥና በሩክ ብቻ ማት ማድረግን፣ አንድ ወታደር አጅቦ ማንገሥን ይልመዱ። ንግሥት ይዞ ሳለ፣ ቼክ ያልተባለውን ንጉሥ መሄጃ አሳጥቶት በአቻ የወጣ ልጅ ሲያለቅስ ታያለህ። የአራት እርምጃዋን ማት በተመለከተ መከላከያዋን አሳይና እለፍ፤ እሷን የለመደ ልጅ ማሰብ ይሰለቸዋል።

4. ለወላጆች ስዊስ የሚባለውን አሠራር አስረዳ። ሰው የሚያውቀው የተሸነፈ የሚሰናበትበትን የኳስ ጥሎ ማለፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 ዙሪክ ላይ የተጀመረው ስዊስ ግን ማንንም አያሰናብትም፤ በየዙሩ ነጥባቸው የተቀራረበ ይገናኛሉ። ጠዋት የተሸነፈ ልጅ ከሰዓት ሊያሸንፍ ይችላል። አባትየው ይህን ካልሰማ ልጁን ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ይዞት ይሄዳል። ልጁ ሲሸነፍ ተጋጣሚውን ይጨብጥ፤ እርምጃዎቹን የመዘገበበትን ወረቀት ይዞ ይምጣ። አንተም አትቆጣ፤ «እዚህ ጋ ምን አስበህ ነው?» ብለህ ጠይቀው።

5. ሴቶች ልጆችን አትርሳ። ውኃ ቀድተው እስኪመለሱ ሰዓቱን አሸጋሽግላቸው። ካምፓላ ካትዌ በሚባለው የድሆች ሰፈር ቼስ የተማረችው ፊዮና ሙቴሲ ኡጋንዳን ወክላ እስከ ቼስ ኦሊምፒያድ ድረስ ተጫውታለች።

6. ወረቀት አዘጋጅ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ግን የልጆች ውድድር በዕድሜ የተከፈለ ነው፤ በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ደንብ ከ12 ዓመት በታች የሚባለው ውድድሩ ከሚካሄድበት ዓመት ጃንዋሪ 1 ቀን በፊት 12 ያልሞላው ነው። የልደት ሰርተፍኬት የሌለው የአርብቶ አደር ልጅ ዕድሜውን በምን ያስረዳል? አዲስ አበባን ከማለምህ በፊትም ከሎግያ ወይም ከሠመራ ትምህርት ቤቶች ጋር ግጥሚያ አዘጋጅ፤ ልጆቹ በሰው ሜዳ መጫወትን እዚያ ይልመዱ።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ወደ ቀበሌው ወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ሂድና የልጆቹን ልደት ማስመዝገብ ጀምር፤ ካርቶኑን ማታ ታሰምረዋለህ።