ሁላችንም የምንጫወትበት ሜዳ እንዴት ይሠራል?

በዚህ እትም የማቀርብላችሁ ትምህርታዊ ጽሑፍ ስለ መጫወቻ ቦታ ነው። «መጫወት ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል?» የሚል አይጠፋም። ያስፈልገዋል እንጂ! በውስጡ ሒሳብ አለ፣ ሳይንስ አለ፣ የዜግነት ትምህርትም አለ።

አሁን የጻፍኩበት ምክንያት ይህ ነው። ሁላችሁም እንደምታውቁት ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለው ባዶ ቦታ የመጫወቻ ቦታ እንዲሆን ታስቧል። እኛ ብቻ ሳንሆን ቅዳሜና እሑድ የሰፈሩ ልጆችም እንዲጫወቱበት ነው። የወላጅ፣ የመምህርና የተማሪ ኅብረቱ በወሩ መጨረሻ ተሰብስቦ ይወስናል። በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን ዝርዝር አንብበነዋል። አንደኛ ዥዋዥዌ፣ ሁለተኛ ሸርተቴ፣ ሦስተኛ አጥር እያለ ይሄድና መጨረሻው ላይ «ገንዘብ ከተረፈ የዊልቸር መንገድ» ይላል። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፤ መንገዱ ከመጨረሻው ተነሥቶ አንደኛ ላይ ይጻፍ። ለምን እንደሆነ አብረን እንይ።

1. መጫወት መብት ነው

እ.ኤ.አ. በ1989 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሕፃናት መብቶች ስምምነትን አጽድቋል። አገራችን ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1991 ተቀብላዋለች። የስምምነቱ አንቀጽ 31 ማንኛውም ልጅ የማረፍና የመጫወት መብት እንዳለው ይገልጻል። ልብ በሉ፣ «መሮጥ የሚችል ልጅ» አይልም፤ ማንኛውም ልጅ ነው የሚለው።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 30 ላይ አካል ጉዳተኛ ልጆች ከሌሎች ልጆች ጋር እኩል በጨዋታ መሳተፍ እንዲችሉ፣ በትምህርት ቤት ውስጥ የሚደረገውንም ጨምሮ፣ መንግሥታት እንዲያመቻቹ ያዛል። ኢትዮጵያ ይህንንም እ.ኤ.አ. በ2010 ተቀብላለች። ስለዚህ መንገዱ ሲጠየቅ ልመና አይደለም፤ የተፈረመ ነገር ነው።

2. አካታች ማለት ምን ማለት ነው?

አካታች መጫወቻ ማለት ለአካል ጉዳተኞች ብቻ ጥግ ላይ የሚሠራ ቦታ ማለት አይደለም። አንድ ቦታ ላይ፣ በአንድ ሰዓት፣ አንድ ዓይነት ጨዋታ አብሮ መጫወት ማለት ነው።

ዊልቸር የሚጠቀም የክፍል ጓደኛ አለኝ። ስሜን አትጻፊ፣ ሐሳቤን ግን ጻፊው ብሎኛል። እንዲህ ነው ያለኝ፤ «ሰኞ ማክሰኞ ስትጫወቱ ቆጣሪ ነኝ፣ ኳስ ስትጫወቱ ዳኛ ነኝ፣ አባሮሽ ስትጫወቱ ጃኬት ጠባቂ ነኝ። ሁላችሁም ጥሩ ያደረጋችሁልኝ ይመስላችኋል። ዳኛ እኮ አይሸነፍም። እኔ ግን መሸነፍ አምሮኛል።» እኔም «መሸነፍ ደግሞ ያምራል እንዴ?» ስለው «አንቺ ተጫውተሽ ስለምትሸነፊ ነዋ!» አለኝ።

በትምህርት ቤታችን ዊልቸር የሚጠቀም ብቻ አይደለም ያለው። ማየት የተሳናቸው፣ በምልክት ቋንቋ የሚነጋገሩ፣ በክራንች የሚሄዱ፣ ጫጫታ ሲበዛ የሚጨነቁ ልጆችም አሉ። አንድ ሳምንት እግሩ የተወለከፈ ልጅም አለ። ነገ ደግሞ ማናችንም ልንሆን እንችላለን።

3. ሐሳቡ ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. በ1943 ዴንማርክ በጦርነት ውስጥ ሳለች በዋና ከተማዋ በኮፐንሃገን፣ ኤምድሩፕ በሚባል ሰፈር አንድ ለየት ያለ መጫወቻ ተከፈተ። ሐሳቡን ያመጣው ካርል ቴዎዶር ሶረንሰን የተባለ የመናፈሻ ንድፍ ባለሙያ ነው። ይህ ሰው ልጆች ከተሠራላቸው መጫወቻ ይልቅ ቤት በሚሠራበት ቦታ ከወዳደቀ እንጨትና ጡብ ጋር መጫወት እንደሚወዱ አስተዋለ። ስለዚህ እንጨቱን፣ ጡቡን፣ አፈሩን ሰጣቸው፤ ልጆቹም ራሳቸው ሠሩበት።

ጦርነቱ እንዳለቀ ሌዲ አለን የተባሉ እንግሊዛዊት፣ እሳቸውም የመናፈሻ ንድፍ ባለሙያ፣ ቦታውን ጎብኝተው ሐሳቡን ወደ አገራቸው ወሰዱት። እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ በለንደን ቼልሲ በሚባለው ሰፈር ለአካል ጉዳተኛ ልጆች እንዲህ ያለ መጫወቻ እንዲከፈት አደረጉ። ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ጥሩ መጫወቻ ከውጭ በተገዛ ውድ ዕቃ ብቻ አይሠራም። ሁለተኛ፣ አካል ጉዳተኛ ልጅም አፈር መንካት፣ ውኃ ማፍሰስ፣ እንጨት መደርደር ይወዳል። እኛ ደግሞ አንድ ነገር እንጨምርበት፤ አብረን ይሁን።

4. አሠራሩ ደረጃ በደረጃ

ሀ) መንገድ

ከመማሪያ ክፍላችን በረንዳ ወደ ግቢው ለመውረድ ሁለት ደረጃ አለ። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ስንለካው እያንዳንዱ 20 ሳንቲ ሜትር፣ በድምሩ 40 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ለዊልቸር የሚሠራ ተዳፋት መንገድ በተለምዶ ጥምርታው 1 ለ12 ነው። ይኸውም ለ1 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ማለት ነው። ስለዚህ፦

40 × 12 = 480 ሳንቲ ሜትር = 4.80 ሜትር

አጭር ከተደረገ ቀጥ ይልና ልጁ ብቻውን መውጣት አይችልም፤ ሲወርድም ይገለበጣል። «ሰው ይገፋዋል» ማለት መልስ አይደለም። ለመጫወት ሰው መጥራት ካለበት አይጫወትም፣ በቃ!

ከበረንዳው በኋላ ያለው መንገድ ስፋቱ 1.50 ሜትር ቢሆን ዊልቸር መዞር ይችላል። የግቢያችን አፈር መረሬ ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ጭቃው ከጎማ ጋር ይጣበቃል። ስለዚህ የላዩን አፈር ቆፍሮ ማንሣት፣ ከሥር ድንጋይ መደልደል፣ ከላይ ገረጋንቲ ማልበስ፣ ውኃ እያርከፈከፉ በደንብ መጠቅጠቅ ያስፈልጋል። ከጎኑ ቦይ ካልተቆፈረ ግን የሐምሌ ጎርፍ ይዞት ይሄዳል።

በመንገዱ ጠርዝ ግንድ ወይም ድንጋይ በመስመር ቢደረደር ማየት የተሳነው ልጅ በበትሩ እየነካ ሳይጠፋበት ይሄዳል። ዥዋዥዌ ጋ ሲደርስ ደግሞ የመሬቱ ዓይነት ቢለወጥ፣ ለምሳሌ ድርድር ጠጠር ቢሆን፣ «አደጋ አለ፣ ቁም!» እንደማለት ነው።

ለ) ዛፍና ጥላ

መጫወቻው ተፈጥሮን የሚመስል ይሁን ስንል ከዛፍ እንጀምራለን። ዋንዛ ቅጠሉ ሰፊ ስለሆነ ጥሩ ጥላ ይሰጣል፣ ፍሬውም ይበላል። ወይራ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፣ ግን ለልጅ ልጆቻችን ይቆያል። ግራር ጥላው ቢያምርም እሾሁ ጎማ ይበሳል፤ ስለዚህ ከመንገዱ ራቅ ይበል።

ከዛፉ ሥር ግንድ በክብ ቢደረደር መቀመጫ ይሆናል። ክብ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በምልክት ቋንቋ የሚነጋገሩ ልጆች የሁሉንም እጅና ፊት ማየት አለባቸው። ከክቡ ላይ ደግሞ የአንድ ዊልቸር ቦታ ክፍት ይተው፤ ከኋላ ሳይሆን ከመካከላችን እንዲሆን።

ሐ) የሽታና የድምፅ አትክልት

በጠጅ ሳር፣ በበሶብላ፣ በአሪቲና በጥብስ ቅጠል አንድ መደብ ብንሠራ ዓይን ጨፍነን በሽታ ብቻ መለየት እንችላለን። ይህ ራሱ ጨዋታ ነው፤ ማየት የተሳናቸው ጓደኞቻችን እንደሚያሸንፉን እወራረዳለሁ። ቀርከሃ ቆራርጦ በገመድ ማንጠልጠልም ይቻላል። ነፋስ ሲመጣ ይንኳኳል፣ በእጅም ይመታል። መደቡ ከፍ ብሎ ቢሠራ በዊልቸር ያለ ልጅም ሳይጎነበስ ይደርስበታል።

መ) የአሸዋ ጠረጴዛ

አሸዋ መሬት ላይ ሲሆን የዊልቸር ጎማ ይሰምጥበታል። በጠረጴዛ ላይ ጠርዝ አበጅተን አሸዋ ብንሞላበትስ? ከሥሩ ከ60 ሳንቲ ሜትር በላይ ክፍተት ካለው የዊልቸሩ ተጠቃሚ ጉልበት ይገባል። የአንደኛ ክፍል ልጆችም ቆመው ይደርሱበታል።

ሠ) ገበጣ

ገበጣ የአባቶቻችን ጨዋታ ነው። ወፍራም ግንድ ላይ በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት ጉድጓድ ቢፈለፈል ለብዙ ዓመት ያገለግላል። ጠጠሩ በጣት ስለሚቆጠር ማየት አያስፈልገውም፤ ስለማይወራበትም መስማት አያስፈልገውም፤ ስለማይሮጥበትም እግር አያስፈልገውም። ጭንቅላት ብቻ! አካታች የሚለው ቃል ሳይመጣ አባቶቻችን አካታች ጨዋታ ነበራቸው ማለት ነው።

ረ) ጸጥ ያለ ጥግ

ጫጫታ ለሚያስጨንቃቸው ልጆች ከኳሱ ሜዳ ራቅ ያለ፣ በቁጥቋጦ ከፊል የተከለለ ትንሽ ቦታ ይተው። መምህራን ሊያዩት የሚችሉበት ይሁን እንጂ መንገደኛ የሚያቋርጠው አይሁን።

5. ጥንቃቄ

ተፈጥሮ ሁሉ ጓደኛ አይደለም። የቅንጭብና የቁልቋል ነጭ ፈሳሽ ዓይን ውስጥ ከገባ በጣም ይጎዳል። የጉሎ ፍሬና አስተናግር ደግሞ መርዛማ ናቸው። እነዚህ በመጫወቻው ውስጥ መኖር የለባቸውም፤ በአጥር ላይም ቢሆን።

የመኪና ጎማ ለዥዋዥዌ ጥሩ ነው፣ ግን ሽቦው የወጣ መሆን የለበትም። ከሥሩም ቀዳዳ ይበጅለት፤ አለበለዚያ ዝናብ ያጠራቅምና ትንኝ ይራባበታል። ከዥዋዥዌው ሥር ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው አሸዋ ወይም የእንጨት ፍቅፋቂ ይደረግ፤ ዙሪያውም 2 ሜትር ያህል ከድንጋይና ከግንድ ነጻ ይሁን። ግንዶቹ ልጣቸው ተልጦ፣ ሚስማር ተነቅሎ፣ በድንጋይ ላይ ይቀመጡ፤ መሬት ከነኩ ምስጥ ይበላቸዋል።

6. ታዲያ መንገዱ ለምን ይቅደም?

አሁን ወደ ተነሣሁበት ልምጣ። «መጀመሪያ መጫወቻው ይሠራ፣ መንገዱ በኋላ ይደርሳል» የሚሉ አሉ። ሐሳባቸው ክፉ አይደለም፤ ገንዘቡ ትንሽ ስለሆነ ነው። እኔ ግን በሁለት ምክንያት አልስማማም።

አንደኛው የሥራ ምክንያት ነው። ዥዋዥዌው፣ ግንዱና ችግኙ ከተተከለ በኋላ መንገድ ለማውጣት የተተከለውን መንቀል ሊመጣ ነው። ያ ሁለት ጊዜ ወጪ ነው። ቤት ሲሠራ ጣሪያው ተመቶ መሠረቱ አይቆፈርም።

ሁለተኛው የሰው ምክንያት ነው። ገንዘብ ትንሽ ሲሆን መጨረሻ የተጻፈው ነገር ነው የሚቀረው። ዥዋዥዌ አንድ ቢጎድል ተራ ጠብቀን እንጫወታለን። መንገዱ ከቀረ ግን ለጓደኛዬ ሁሉም ነገር ቀረ ማለት ነው። እንደገና ዳኛ፣ እንደገና ጃኬት ጠባቂ።

ወጪውም ቢሆን የምንፈራውን ያህል አይደለም። ገረጋንቲውንና ሲሚንቶውን መግዛት ያስፈልጋል። የቀረው ግን ጉልበት ነው። ድንጋይ መልቀም፣ ቦይ መቆፈር፣ መጠቅጠቅ፣ ችግኝ ማጠጣት እንችላለን። ግንበኛና አናጺ የሆኑ ወላጆች አሉን፤ አንድ ቅዳሜ ቢሰጡን ትልቅ ነገር ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ!

አንድ ነገር ደግሞ ለኅብረቱ አደራ እላለሁ። ከመወሰናችሁ በፊት ቦታውን በዊልቸር፣ በክራንችና በበትር ከሚሄዱት ልጆች ጋር አንድ ጊዜ ዙሩት። የት እንደሚያዳልጥ፣ የት እንደሚከብድ ከእኛ ሁሉ በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

እስቲ ሞክሩት

1. ከቤተ መጻሕፍቱ በር እስከ መሬቱ ያለው ከፍታ 60 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ በ1 ለ12 ጥምርታ የተዳፋቱ ርዝመት ስንት ሜትር ይሆናል?
2. እናንተ የምትወዱት ጨዋታ ምንድን ነው? ማየት የተሳነው ወይም በዊልቸር የሚሄድ ልጅ አብሯችሁ እንዲጫወት ሕጉን እንዴት ታስተካክሉታላችሁ?
3. ነገ በእረፍት ሰዓት ዳር የቆመ ልጅ ካያችሁ ለምን እንደቆመ ጠይቁት። «ዳኛ ሁንልን» ግን እንዳትሉት!

መልሳችሁን በወረቀት ጽፋችሁ በሚኒ ሚዲያ ክበባችን ሳጥን ውስጥ አስገቡ። የሁለተኛውን ጥያቄ ጥሩ ጥሩ መልሶች በሰልፍ ሰዓት እናነባቸዋለን፤ ጨዋታዎቹንም አዲሱ ሜዳ ላይ እንሞክራቸዋለን።