የማኅፀን አደራ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ምእመናን፣ ቅዱስ ሉቃስ በምዕራፍ 1 እንደጻፈው፣ የእመቤታችን ሰላምታ ለኤልሳቤጥ በተሰማ ጊዜ የስድስት ወሩ ፅንስ ዮሐንስ በማኅፀን ሳለ በደስታ ዘለለ። የእናቱ ደስታ የሚደርሰው ፅንስ ጭንቀቷና ረኃቧም ይደርሰዋል።

የሐኪሞች ጥናትም ይህንኑ ያሳያል። በ1944 እና 1945 እ.ኤ.አ. ኔዘርላንድ በጦርነት ተራበች። ረኃቡ በጠናበት ወቅት የተፀነሱት ልጆች ካደጉ በኋላ ስኪዞፍሬንያ ለተባለው የአእምሮ ሕመም ከሌላው በእጥፍ ገደማ ተጋልጠው ተገኙ። በአገራችንም ቡታጅራ ላይ በተደረገ ጥናት፣ በእርግዝናቸው መንፈሳቸው የታወከ እናቶች ምጥ ሲረዝምባቸው፣ ጡት ማጥባት ለመጀመርም ሲዘገዩ ታይቷል። ምጥ ሲረዝም ልጁ ሊታፈን ይችላል፤ መታፈን ደግሞ አንጎልን ይጎዳል።

ታዲያ ልጁ ቢታመም ጥፋቱ የእናቱ ነው? አይደለም። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው በጠየቁ ጊዜ፣ ጌታ እርሱም ወላጆቹም እንዳልበደሉ ነግሯቸዋል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ የሰሜኑ የአገራችን ጦርነት ዳባት ሲደርስ እርጉዝ ሆናችሁ የሸሻችሁ እናቶች፣ ይህን ቃል ያዙ። በኔዘርላንዱ ረኃብ ከተፀነሱትም አብዛኞቹ ከስኪዞፍሬንያ ነፃ ሆነው ኖረዋል። ተጋላጭነት ፍርድ አይደለም።

አደራው ግን የቤተሰቡ ሁሉ ነው። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 13 መልአኩ የሶምሶንን እናት የሚያሰክር መጠጥ እንዳትጠጣ አዘዛት። እኛ ግን በየድግሱ ነፍሰ ጡሯን «አንድ ጣሳ ጠላ ምን ያደርጋል?» እያልን እንቀዳላታለን። አልኮል ከደሟ ወደ ፅንሱ ያልፋል። አማቶች ሆይ፣ «እኛም እንስራ ተሸክመን ወልደናል» አትበሏት፤ ባል ውኃውን ይቅዳ። ጾሙን የነፍስ አባቷ ያቅልሉላት።

በጃን አሞራና በበየዳ ነፍሰ ጡሯን ምጥ ከያዛት በኋላ በቃሬዛ ገደል ከማውረድ፣ ቀኗ ሳይደርስ ጤና ጣቢያው ወዳለው የእናቶች ማቆያ ውሰዷት። እዚያም ሆናችሁ «ማርያም፣ ማርያም» በሉላት፤ እመቤታችን ሐኪም ባለበትም ትቀርባለች። አራሷ እንቅልፍ ካጣች፣ ልጇን ማየት ካስጠላት፣ «ሰይጣን ነው» ብላችሁ አትሸሽጓት። ጸበሉን ሳታስቀሩ ጎንደር ሆስፒታል አድርሷት። እናቲቱን የጠበቀ የልጁን አእምሮ ጠብቋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።