ሉዶልፍ ማለት ምን ማለት ነው?



ባለፈው ጊዜ በአል ጂሚ ተሰባስበን ስለ ግዕዝ ቋንቋ ስንማር የኢዮብ ሉዶልፍን ስም ማንሣታችን ይታወሳል። ትምህርቱ ሲያልቅ አንዲት እኅታችን ቀርባ፣ «ኢዮብን ከመጽሐፍ ቅዱስ እናውቀዋለን። ሉዶልፍ ግን ምን ማለት ነው?» ስትል ጠየቀችን። በምትሠራበት ቤት የሚጠሯት ከእርሷ በፊት በነበረችው ሠራተኛ ስም ነው። ስሟን ብትነግራቸውም «ይኸኛውን ለምደነዋል» ብለዋት ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ስለዚህ የስም ነገር ለእርሷ ቀላል ጥያቄ አልነበረም፤ እኛም በዚህ እትም መልሱን ሰፋ አድርገን ልናቀርብ ወደድን።

ሉዶልፍ ለኢዮብ የቤተሰብ ስሙ ነው። በጥንት ጀርመኖች ዘንድ ግን ለወንድ ልጅ የሚወጣ ስም ነበር። የተሠራውም ከሁለት ቃላት ነው። የፊተኛው «ሊዩት» ሲሆን ሕዝብ ማለት ነው፤ ዛሬም ጀርመኖች ሰዎችን «ሎይተ» ይላሉ። የኋለኛው «ቮልፍ» ደግሞ ተኩላ ነው። አንድ ላይ «የሕዝብ ተኩላ» እንደ ማለት ይሆናል።

ሳቅ እንደሚመጣባችሁ እናውቃለን። በእኛ ዘንድ ተኩላ በግ ነጣቂ ነውና ልጇን ተኩላ ብላ የምትጠራ እናት አትገኝም። ለእነርሱ ግን ተኩላ የጦረኛ ምልክት ነበር። ሩዶልፍ የሚለው ስም ዝናና ተኩላ፣ አዶልፍ የሚለውም የከበረ ዘርና ተኩላ ከሚሉ ቃላት የመጡ ናቸው። እኛስ አንበሴ እንል የለም? ዐፄ ቴዎድሮስ በፈረስ ስማቸው አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክም አባ ዳኘው ይባሉ ነበር።

ልዩነቱ ወዲህ ነው። የጥንት ጀርመኖች ብዙ ጊዜ አንዱን ቃል ከአባት፣ ሌላውን ከሌላ ዘመድ ስም ወስደው ያጋጥሙ ነበር። ስለዚህ የሁለቱ ቃላት ጥምረት ሁልጊዜ አንድ የተሟላ ሐሳብ ይሰጣል ማለት አይደለም። የእኛ ስም ግን ይናገራል። ማንያዘዋል፣ ይበልጣል፣ የሺእመቤት ስንል የወላጅን ምኞት ወይም ኩራት እንሰማለን። ማስረሻ፣ ካሳ፣ ምትኩ የሚሉት ደግሞ ብዙ ጊዜ ልጅ ከሞተ በኋላ የሚወጡ ናቸው። እናት ሐዘኗን በስም ትናገራለች። እንግዲህ ምትኩ የተባለ ልጅ እንኳ በሞተው ወንድሙ ስም አልተጠራም፤ የራሱ ስም ወጣለት እንጂ።

ወደ ኢዮብ እንመለስ። በ1624 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር በኤርፉርት ከተማ ተወለደ። ግዕዝን ከመጻሕፍት ተምሮ ማንበብ ቢችልም የሚያነጋግረው ኢትዮጵያዊ አላገኘም ነበር። በ1649 ሮም ሲሄድ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለው የኢትዮጵያውያን ማረፊያ አባ ጎርጎርዮስን አገኘ። አባ ጎርጎርዮስ የአምሐራ ሰው፣ የመካነ ሥላሴ ተወላጅ ሲሆኑ፣ በዐፄ ፋሲል ዘመን ከአገራቸው ወጥተው በስደት ይኖሩ ነበር። የእርሳቸው ስም ከግሪክ የመጣ ነው፤ ትጉህ፣ የነቃ ማለት ነው። ኢዮብ በ1661 ያሳተመው የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት፣ በ1681 የወጣው የኢትዮጵያ ታሪክ፣ በ1698 የወጣው የአማርኛ ሰዋስው፣ ሁሉም የአባ ጎርጎርዮስ ትምህርት አለባቸው።

በ1652 ደግሞ አባ ጎርጎርዮስን የጎታው መስፍን ኤርንስት ወደ አገሩ አስጠራቸው። ኤርንስትም የቆየ የጀርመን ስም ነው፤ በአማርኛ ቁም ነገረኛ ብንለው የሚስማማው ይመስለናል። ይህ መስፍን በ1642 በወጣው የትምህርት ደንብ ወንዶችም ሴቶችም ልጆች ትምህርት ቤት እንዲገቡ ያዘዘ ነውና፣ እንደ ስሙ የሆነ ሰው ነበር ለማለት እንደፍራለን። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ መርከባቸው ሰጥሞ በባሕር ላይ ዐረፉ። ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ በታተመው የኢትዮጵያ ታሪክ ግን ኢዮብ ማን እንዳስተማረው በስም ጠርቶ ጽፏል። በሰው አገር የኖሩት አባ በስማቸው ሳይጠሩ አልቀሩም።

ከዚሁ ጋር አንድ ነገር እናንሣ። እዚህ ቅጽ ስትሞሉ «የቤተሰብ ስም» የሚል ቦታ ታገኛላችሁ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። ስለዚህ በፓስፖርታችሁ ላይ በተጻፈው ቅደም ተከተልና ፊደል ሳትለውጡ ሙሉ። አንዲት ፊደል ብትሳሳት ብር ስትልኩ ወይም ቲኬት ስትቆርጡ ታስቸግራለች። ከአገር ስትወጡ በሌላ ስም ፓስፖርት የወጣላችሁም አትፈሩ፤ ኑና አማክሩን። ጉዳዩ ጊዜ ይፈጃል እንጂ የምታፍሩበት አይደለም።

ጠያቂያችን መልሱን ቀድማ ሰምታ ወደ ሥራዋ ተመልሳ ነበር። በስሟ ውስጥ ወርቅ የሚል ቃል አለ። አንድ ቀን ማታ የቤቱን ትንሽ ልጅ ስታስተኛ የስሟን ትርጉም በዐረብኛ «ዘሀብ» ብላ ነገረችው። ልጁ በማግሥቱ ቁርስ ላይ በእውነተኛ ስሟ ጠራት። እናቱ አሁንም በድሮው ስም ነው የምትጠራት፤ ልጁ ግን በጠራች ቁጥር ያርማታል።