አመዱን ማን ያወጣል?

ንባብ፦ ዘሌዋውያን 6፥8-13፤ ነህምያ 10፥34



ስለ እሳት ስንሰብክ ብዙ ጊዜ የምናወራው ከሰማይ ስለ ወረደው ነው፤ ስለ ኤልያስ፣ ስለ በዓለ ሃምሳ። «ጌታ ሆይ እሳትህን ላክ» ብለን እንጮኻለን። መጮኹ መልካም ነው። ግን በመሠዊያው ላይ ያለው እሳት እንዳይጠፋ የመጠበቁ ሥራ የተሰጠው ለሰው ነው።

ካህኑ ጠዋት ምን ያደርጋል? የበፍታ ልብሱን ለብሶ ሌሊት የተቃጠለውን መሥዋዕት አመድ ያነሣል፣ በመሠዊያው አጠገብ ያፈስሰዋል። ከዚያ ልብሱን ቀይሮ አመዱን ከሰፈር ውጭ፣ ንጹሕ ስፍራ ያወጣዋል። እንጨትም ይጨምራል፤ ያውም በየጠዋቱ። እናቶች ይሄን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ማታ ያዳፈናችሁትን ፍም ጠዋት አመዱን ገለጥ ካላደረጋችሁ፣ ጭራሮ ጣል አድርጋችሁ እፍ ካላላችሁ አይነድም። እላዩ ላይ እንጨት ብትቆልሉበት ትርፉ ጭስ ነው።

ደግሞ ልብ በሉ፣ ያ አመድ እኮ ትናንት በእውነት የነደደ መሥዋዕት ነው። ለዚህ ነው መጣሉ የሚከብደን። «አገር ቤት እያለን እንዴት እንጸልይ ነበር!» እያልን እንቀመጣለን። እኔ ራሴ አምና ኬዜ ሲዘገይብኝ ሁለት ወር ሙሉ ለብቻዬ ተንበርክኬ አላውቅም። መድረክ ላይ ስወጣ የድሮ ምስክርነቴን እናገራለሁ፣ ሰዉ «አሜን» ይላል፣ ውስጤ ግን ብርድ ነበር። አመድ ታቅፌ ነበር የማገለግለው።

እንጨቱንስ ማን ያመጣል? በነህምያ ዘመን ካህናቱ፣ ሌዋውያኑና ሕዝቡ ዕጣ ተጣጣሉ፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ በየዓመቱ በተወሰነለት ጊዜ ለመሠዊያው እንጨት እንዲያመጣ። እነዚህ ከምርኮ የተመለሱ ሰዎችና ልጆቻቸው ናቸው፤ የከተማቸው ቅጥር ገና መጠገኑ ነው፣ ብዙዎቹም ድሆች ነበሩ። ቢሆንም ነገሩን ለካህናቱ ብቻ አልተዉላቸውም። እዚህ ማገዶ ምን ያህል እንደሚከብድ እናውቃለን፤ ከጎረቤት ፍም ተውሶ ራት ያላበሰለ ማን አለ? ታዲያ ጸሎት ላይ ሲሆን ለምንድነው «ወንጌላዊው ያንድደው» የምንለው?

በዚህ ሳምንት በየቤታችሁ ንባቡን አንብቡና ተጠያየቁ፦ የእኛ ቤት አመድ የቱ ነው? ተራችንስ መቼ ነው?

የጠዋት ጸሎት 11 ሰዓት ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት አራት ሰው ብቻ ነበርን። ቁልፉ እኔ ጋ ነው፤ ቀድማችሁ ከመጣችሁ ቤቴን አንኳኩ።