የፕሮቲን ምርት ፍጻሜና የንብ ፔፕታይድ

በዋግ ኽምራ፣ ከሰቆጣ እስከ ጽጽቃ ድረስ፣ ንብ ማነብ የቆየ የኑሮ ዘርፍ ነው። በዚሁ አካባቢ ትራኮማን ለመከላከል አዚትሮማይሲን የተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ለሕዝቡ በዘመቻ ሲታደል ቆይቷል። እነዚህ ሁለት ጉዳዮች በአንድ ረቂቅ ሥፍራ ይገናኛሉ፤ ይኸውም በባክቴሪያ ራይቦዞም ውስጥ ያለው የፕሮቲን መውጫ ቦይ ነው።

ራይቦዞም የመልእክተኛውን አር ኤን ኤ ኮድ እያነበበ አሚኖ አሲዶችን በተራ ያያይዛል። ከ3ቱ የማቆሚያ ኮዶኖች አንዱ ላይ ሲደርስ፣ አርኤፍ1 ወይም አርኤፍ2 የሚባል አሰናባች ፕሮቲን ገብቶ የተጠናቀቀውን ሰንሰለት ያላቅቃል። ከዚያም ራሱ ወጥቶ ሌላ ራይቦዞምን ያገለግላል።

አዚትሮማይሲን በቦዩ ውስጥ በመቀመጥ ብዙ ፕሮቲኖች ገና በእድገት ላይ ሳሉ እንዲቆሙ ያደርጋል። አፒዴሲን ግን የሚሠራው በፍጻሜው ላይ ነው። ይህ 18 አሚኖ አሲዶች ያሉት ፔፕታይድ ከማር ንብ የሰውነት ፈሳሽ መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ1989 ተገልጿል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት፣ አፒ137 በተባለው ተዋጽኦ አማካይነት አሠራሩን አሳይቷል። የተጠናቀቀው ፕሮቲን ከወጣ በኋላ ፔፕታይዱ ባዶውን ቦይ ይይዛል፤ አሰናባቹንም እንዳይወጣ ያስረዋል። የአሰናባቾች ቁጥር ከራይቦዞሞች እጅግ ያነሰ ስለሆነ፣ ጥቂቶቹ ሲታሰሩ ሌሎቹ ራይቦዞሞች ያለቀ ፕሮቲን ተሸክመው በማቆሚያው ኮዶን ላይ ይቆማሉ። አንዳንዶቹም ማቆሚያውን አልፈው በማንበብ ከልክ በላይ የረዘመ ፕሮቲን ይሠራሉ።

የዚህ ልዩነት ፋይዳ በአማራ ክልል በግልጽ ይታያል። በጎንቻ ሲሶ እነሴ በተካሄደ ጥናት፣ አዚትሮማይሲን በተደጋጋሚ በታደለባቸው ቀበሌዎች ከልጆች አፍንጫና ጉሮሮ በተገኘው ኒሞኮከስ ላይ መድኃኒቱን የመቋቋም ባሕርይ ጨምሮ ተገኝቷል። ስለዚህ በሌላ የምርት ደረጃ ላይ የሚሠራ መድኃኒት መፈለግ ተገቢ ነው።

ሆኖም አፒዴሲን ውስንነት አለው። በዋናነት የሚያጠቃው ግራም ኔጌቲቭ ባክቴሪያዎችን ነው። ወደ ብዙዎቹ የሚገባውም ኤስቢኤምኤ በተባለ አስተላላፊ ፕሮቲን በኩል ስለሆነ፣ ይህን ያጣ ባክቴሪያ ከጉዳቱ ሊተርፍ ይችላል። ፔፕታይዱ ለትራኮማ የተፈቀደ መድኃኒት አይደለም፤ የተገኘውም ከንቧ ሰውነት እንጂ ከማሯ ስላልሆነ፣ ማርን ለዓይን ሕመም ለመጠቀም ማስረጃ ሊሆን አይችልም።